ያልተቀረጸው ማኅተም

ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለተማሪዎች ዲን ቢሮ ሁለት ማመልከቻ ገባ። ሁለቱም የደም ለጋሾች ክበብ እናቋቁም ይላል። የተያያዘው የክበብ ደንብ ራሱ ቃል በቃል አንድ ዓይነት ነበር፤ ሁለቱም የተጻፈው ግቢው በር ላይ ባለችው አንዲት የጽሕፈት ሱቅ ነዋ። የአንደኛው ቡድን ጸሐፊ ስለነበርኩ ገለልተኛ ነኝ አልልም።

የእኛዎቹ ከቀይ መስቀል ክበብ የወጡ ናቸው። «ደም ማሰባሰብ ድሮም የቀይ መስቀል ሥራ ነው» እንል ነበር፤ እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ደም ባንኩ በማኅበሩ ሥር ቆይቷል። የጤና ተማሪዎቹ ደግሞ «እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ጤና ጥበቃ ዞሯል፣ ስለዚህ ጉዳዩ የእኛ ነው» ባዮች ናቸው። ካፌ ተሰልፈን እንኳ በዚሁ እንጨቃጨቅ ነበር።

ዲኑ «ለአንድ ዓላማ ሁለት ክበብ አልፈቅድም፣ ተዋሃዱ» አሉ። ለውህደቱ የተጠራው ስብሰባ አራት ሰዓት ፈጀ። ሦስቱ ያለቀው ገና ያልተቀረጸው ማኅተም በማን ቦርሳ ይደር በሚለው ነው። አኩርፈን ተበተንን። ከዚያማ እልህ ውስጥ ገብተን፣ እነሱ በፋኩልቲያቸው እኛ በነባሩ ክበብ ስም የልገሳ ቀን ጠራን። የእነሱ ማክሰኞ፣ የእኛ ሐሙስ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ድንኳኑ በሰው ተሞላ፤ ደስ አለን። ነርሷ የመጀመሪያውን ልጅ እጅጌህን ሰብስብ አለችው። ክንዱ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ማክሰኞ ሰጥቼ ነው፤ ዛሬም ጓደኞቼን ላለማስቀየም ብዬ…»

«ወንድሜ፣ ሦስት ወር ሳይሞላህ እንዳትመጣ» ብላ ብስኩት አስይዛ ሸኘችው። ከኋላው የተሰለፉትም ብዙዎቹ እንደ እሱው ነበሩ።

ዲኑን አከብራቸዋለሁ፣ ግን ተሳስተዋል። እኛም ከእሳቸው ብሰን ተሳስተናል። የቀይ ደም ሴል ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢበዛ 42 ቀን ነው የሚቆየው፤ ፕላትሌት ከአምስት ቀን ብዙም አያልፍም። በአንድ ሳምንት የጎረፈ ደም ለመንፈቅ አይቀመጥም። ለጋሹም ሦስት ወር ማረፍ አለበት። ለእንዲህ ያለ ሥራ ሁለት ቡድን መኖሩ በረከት ነበር፤ አንዱ ኅዳርን ቢይዝ፣ ሌላው የካቲትን፣ ያው ልጅ ለሁለታችንም በደረሰ ነበር። ይህን ያኔ አንድም ሰው አላነሳውም፤ እኔም ጭምር።

ዘንድሮ ማመልከቻ ይዛችሁ ዲን ቢሮ በር ላይ የቆማችሁ ልጆች፣ ሌላ ቡድን ቀድሟችሁ ካገኛችሁ ደብዳቤያችሁን ከመቅደዳችሁ ወይም ከመጣላታችሁ በፊት የልገሳ ቀናቸውን ጠይቋቸው። የእኛ ማኅተም እስክንመረቅ ድረስ አልተቀረጸም።