የመሳያው ሞተር ከመነሣቱ በፊት

አንባቢ ሆይ! የጋራዥ ቤት ቋንቋችንን ልብ ብለው ሰምተውት እንደ ሆነ፣ ዳዶው፣ ካቻቢቴው፣ ፒንሳውና ሞርሳው ሁሉ የጣልያን ስም ነው። የካዛንቺስም ስም እንደዚሁ ነው። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ወርሮ በያዘበት ዘመን ለመንግሥቱ ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ድርጅት በአጭሩ «ኢንቺስ» ይባል ስለ ነበር፣ ሰፈሩ «ካዜ ኢንቺስ»፣ ማለት የኢንቺስ ቤቶች ተብሎ ቀረ። ከአሮጌው ካዛንቺስ ብዙው በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ቢፈርስም፣ ስሙ ግን አልፈረሰም። የመንግሥት ሠራተኛው ስምና የጋራዡ ስም ከአንድ ቋንቋ መምጣታቸው ለዛሬው ጨዋታችን ይስማማል።

ቀን በመሥሪያ ቤት ወረቀት ሲያገላብጥ የዋለ ወጣት፣ ቅዳሜና እሑድ በግቢው ጥግ መሮና ፑንታ፣ ቢላዋና መጥረቢያ እየሳለ ደመወዙን ቢደጉም የሚያኮራ እንጂ የሚያሳፍር አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን መስደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን እስከ ካዛንቺስ ባሉት ጠባብ ግቢዎች ለዚህ ሥራ የሚሆን ቦታ በመከራ ይገኝ ይሆናል፤ ቢሆንም ጠንካራ ጠረጴዛና ሞተር ያለው ሰው ሥራ አያጣም።

ነገር ግን በጋራዥ ግራይንደር የሚባለው፣ በሁለት ጫፉ ድንጋይ የሚሽከረከርበት ሞተር፣ እንደ መዶሻ ከካርቶኑ ወጥቶ ወዲያው የሚሠራበት ዕቃ አይደለም። በአገራችን ኤሌክትሪክ፣ ይኸውም በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ፣ የተለመደው ዓይነት በደቂቃ 2,900 ጊዜ ያህል ይዞራል። ድንጋዩ ከዳር እስከ ዳር 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ጠርዙ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል ማለት ነው። የተሰነጠቀ ድንጋይ በዚህ ፍጥነት ሲፈነዳ ስባሪው በዚያው ፍጥነት ይወረወራል፤ በአቅራቢያው የቆመውም ባለቤቱ ነው።

ስለዚህ በቅድሚያ በሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው የ110 ቮልት ሞተር ከሆነ፣ ያለ ትራንስፎርመር ቢሰኩት ይቃጠላል። ሶኬቱም የመሬት ሽቦ ያለው ይሁን። ቀጥሎ ሞተሩን ከከባድ ጠረጴዛ ጋር በብሎን አጥብቀው ይሰሩት፤ ሲነሣ የሚንቀጠቀጥና የሚሄድ ሞተር እጅ ይበላል። በአካባቢው ሰጋቱራ፣ ቤንዚን ወይም የጨርቅ ቁራጭ አይኑር፤ የብረት ፍንጣሪ እሳት ነው።

ሦስተኛው ድንጋዩን መፈተሽ ነው። እናቶቻችን ገበያ ላይ ጀበና ወይም ድስት ሲገዙ በጣታቸው ኳ፣ ኳ እያደረጉ ድምፁን ያዳምጣሉ፤ የድንጋዩም ፈተና ይኸው ነው። ሞተሩን ከኤሌክትሪክ ይንቀሉ፤ ድንጋዩን አውጥተው በቀዳዳው በጣትዎ ያንጠልጥሉትና በካቻቢቴ የእንጨት እጀታ ቀስ አድርገው ይምቱት። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ግን ስንጥቅ አለበትና አይግጠሙት። በላዩ የተጻፈው የመጨረሻ ፍጥነት ከሞተሩ ፍጥነት ማነስ የለበትም። በሁለት ወገኑ የተለጠፈውን ክብ ወረቀት አይላጡ፤ የሚይዘው ብረት ድንጋዩን እኩል እንዲጫነው የሚያደርግ እርሱ ነው። በግራ በኩል ያለው ዳዶ በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚፈታም ያስታውሱ።

አራተኛ፣ ብረቱ የሚደገፍበት ጠፍጣፋ መደገፊያ ከድንጋዩ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ አይራቅ፤ በላይ ያለው የፍንጣሪ መከላከያም ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ አይራቅ። ክፍተቱ ከሰፋ የሚሳለው ብረት እስከ ጣትዎ ድረስ ተስቦ ይገባል። ድንጋዩ እያለቀ ሲሄድ ሁለቱንም እያቀረቡ ያስተካክሉ፤ ይህን የሚያደርጉት ግን ሞተሩ ቆሞ ነው።

ከዚህ በኋላ ሞተሩን ያስነሡ፤ እርስዎ ግን ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቁሙ። ድብቅ ስንጥቅ ካለ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው በዚህች ደቂቃ ነው። ክራባት፣ ነጠላ፣ ሰፊ እጅጌ፣ ጓንትም ጭምር ከሚሽከረከር ነገር አጠገብ ጠላት ናቸው። በድንጋዩ ጎን አይሳሉ፤ ለብረት በተሠራ ድንጋይ ላይም አሉሚኒየም ወይም እንጨት አያስነኩ፤ ቀዳዳዎቹን ይደፍነዋልና።

ስለ መከላከያ መነጽር ላንሣና ላብቃ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። በቤትዎ ግን አሠሪውም ሠራተኛውም እርስዎ ነዎት፤ ተቆጣጣሪ መጥቶ አይጠይቅዎትም። የንባብ መነጽርም አይበቃም፤ ጎኑ የተሸፈነ መሆን አለበት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ የፈሰሰው እህል ሲሆን ይለቀማል። ለድንጋዩ፣ ለብሎኑና ለሞተሩ መርካቶ መለዋወጫ አለው፤ ለዓይን ግን መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ የለም።