አልጋው ርካሽ፣ መንገዱ ውድ

የምርቃት ወራት በቀረበ ቁጥር በግቢያችን የሚሰማው ወሬ ስለ ካባው ኪራይ፣ ስለ ፎቶግራፉና ስለ ድግሱ ነው። ከጎንደር፣ ከአርሲ፣ ከጋሞ ወይም ከወለጋ የሚመጡት አባትና እናት ከታናናሾቻችን ጋር የት እንደሚያድሩ ግን በስብሰባ ላይ ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም። ነገሩ ትንሽ መስሎ ይታያል። ነገር ግን በዚህ በአንድ ጥያቄ የተነሣ ልጃቸው ሲመረቅ ሳያዩ የሚቀሩ ወላጆች አሉ። የአዲስ አበባው ልጅ ቤተሰቡን በሁለት መኪና አስጭኖ ሲመጣ፣ የክፍለ ሀገሩ ልጅ አንድ አጎቱን ብቻ ይዞ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ እናቱ ወሬውን በስልክ ትሰማለች። በአንድ ክፍል ተምረን፣ አንድ ፈተና ተፈትነን፣ በመጨረሻው ቀን እንለያያለን ማለት ነው።

አንዳንድ ወንድሞች «ዘመድ አለ አይደለም ወይ?» ይላሉ። ይህ መልስ በዘመኑ ትክክል ነበረ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ያደገችው በሰፈር ነው። መኳንንቱ በተመሩት ቦታ ሠራዊታቸውንና ቤተ ዘመዳቸውን አሰፈሩ፤ ራስ መኰንን ሰፈርም፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈርም የተባለው በዚህ ምክንያት ነው። ከሩቅ የመጣ እንግዳም የአገሩን ሰው ሰፈር ጠይቆ ያድር ነበር። ዛሬ ግን ሰፈሩ ተበትኗል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በዶሮ ማነቂያ እንደታየው አሮጌው ቤት ሲፈርስ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ሄዷል። የምንመካበት ዘመድ አሁን የሚኖረው በየካ አባዶ ወይም በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ከአንዲት መኝታ ክፍልና ከአንዲት ጠባብ ሳሎን ውስጥ ነው። አጎታችን እምቢ አይሉም፤ ባህላችንም አያስችላቸውም። እርሳቸውና ልጆቻቸው መሬት ተኝተው አልጋቸውን ለእንግዳ ይለቃሉ። እንግዳውም ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ ስድስት ኪሎ ለመድረስ ሁለትና ሦስት ጊዜ ታክሲ ይሰለፋል። ውጤቱ የሁለት ቤት ችግር ነው።

ሌሎች ደግሞ «አልጋ ቤት ሞልቷል» ይላሉ። መሙላቱ እውነት ነው፤ ግን ለማን ተብሎ ተሠራ? ብዙዎቹ አልጋ ቤቶችና ፔንሲዮኖች ሲሠሩ የታሰበው ብቻውን የመጣ ነጋዴ ወይም ሁለት ሰው ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ቁልፍ። አባትና እናት ሦስት ልጆች አስከትለው ሲመጡ «ሦስት ክፍል ያዙ» ይባላሉ፤ ፍራሽ ይጨመርልን ቢሉ ፊት ይነሣቸዋል። ከታች መጠጥ የሚሸጥበት፣ ከላይ ክፍሉ በሰዓት የሚከራይበት ቤትም ጥቂት አይደለም። በዕድሜዋ ከደብሯና ከገበያዋ ሌላ ቦታ የማታውቅ እናት ልጃገረዷን ይዛ በዚያ ደረጃ ስትወጣ ምን እንደሚሰማት ለአንባቢ ግምት እተወዋለሁ። ሰው የሚያፍርበት ቤት ቢረክስ ምን ይጠቅማል?

እንግዲህ ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ማደሪያ የምንፈልግ ተማሪዎች ሁለት መንገድ ብቻ እናውቃለን። አንዱ ከግቢው በር አጠገብ ካልሆነ አይሆንም ማለት ነው፤ በምርቃት ሰሞን ግን በአራት ኪሎና በፒያሳ ዙሪያ ያለው አልጋ ዋጋው ይወጣል፣ ወይም ጨርሶ አይገኝም። ሁለተኛው የአልጋውን ዋጋ ብቻ አይቶ እጅግ ርካሹን መያዝ ነው። እዚህ ላይ ነው ስሌታችን የሚሳሳተው። አምስት ሰው ያለው ቤተሰብ ከማደሪያው ግቢ ለመድረስ ሁለት ታክሲ የሚይዝ ከሆነ፣ በደርሶ መልስ በቀን 20 ጊዜ ሒሳብ ይከፍላል። በሦስት ቀን 60 ጊዜ ነው። በአንድ መሳፈሪያ የሚያደርስ ቦታ ቢይዝ ግን ክፍያው 30 ጊዜ ብቻ ይሆናል። በአልጋው ላይ ያተረፍነው ብር ከቀሪው 30 ክፍያ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ከመያዛችን በፊት ይህን መጠየቅ ይገባናል። በዚህ ላይ ምርቃት ብዙ ጊዜ ክረምቱ ሲገባ ስለሚሆን፣ ዝናብ የጣለ ዕለት ቤተሰቡ ኮንትራት ታክሲ ይይዛል፤ የሦስት ቀኑ ቁጠባ በአንድ ማታ ይሄዳል።

ስለዚህ የኔ አስተያየት፣ የቤተሰብ ማደሪያ በግቢው በር አጠገብም በከተማው ጫፍም ሳይሆን በትራንስፖርት መስመር ላይ ይፈለግ የሚል ነው። በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው ቀላል ባቡር 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመትና 39 ጣቢያዎች ያሉት ሆኖ ተሠርቷል። የምሥራቅና ምዕራቡ መስመር ከአያት ተነሥቶ በጉርድ ሾላ፣ በመገናኛ፣ በሃያ ሁለት፣ በስታዲየም፣ በለገሃርና በሜክሲኮ አልፎ ጦር ኃይሎች ይደርሳል። የሰሜንና ደቡቡ ደግሞ ሳሪስንና ቃሊቲን ከመካከለኛው ከተማ ጋር ያገናኛል። ባቡሩ ስድስት ኪሎ አይደርስም፤ ነገር ግን ከመገናኛ በቀበና በኩል ወደ አራት ኪሎ የሚሄድ ታክሲ አለ፤ ከዚያ ወደ ስድስት ኪሎ ያለው መንገድ በእግርም የሚሞከር ነው። ከደሴ መንገድ መጥቶ ላምበረት መናኸሪያ የሚወርድ ቤተሰብ በመገናኛና በጉርድ ሾላ ቢፈልግ፣ ቃሊቲ የሚወርድ በሳሪስ ቢፈልግ፣ አውቶቡስ ተራ የሚወርድ በልደታና በሜክሲኮ ዙሪያ ቢፈልግ ሻንጣውን ተሸክሞ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አያቋርጥም።

በባቡሩ ብቻ መተማመን ግን አይገባም። በኋለኞቹ ዓመታት በብልሽትና በመለዋወጫ እጦት የሚሠሩት ባቡሮች ቁጥር መቀነሱን፣ ግፊያውም መብዛቱን ከተማው ሁሉ ያየው ነው። ስለዚህ የሚመረጠው ማደሪያ ባቡር ቢቀር የከተማ አውቶቡስ፣ አውቶቡስ ቢቀር ታክሲ የሚገኝበት ይሁን። ከመያዙም በፊት ተማሪው ራሱ ሄዶ አምስት ነገር ይጠይቅ፦ በአንድ ክፍል ስንት ሰው ይፈቀዳል? ፍራሽ ይጨመራል ወይ? ውሃው በየትኛው ቀን ይመጣል? ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ከዋናው መንገድ እስከ በሩ ያለው መተላለፊያ መብራት አለው ወይ? ማብሰያስ ይገኛል ወይ? ይህ የመጨረሻው ቀላል አይደለም። ዕቃው የተሟላ ኮንዶሚኒየም በቀን የሚያከራዩ ሰዎች አሉ፤ እናት ድርቆሽና በርበሬ ይዛ ከመጣች በምግብ ቤት የሚወጣው ገንዘብ የክፍሉን ኪራይ ጥቂት ያቃልላል።

ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ እያንዳንዱ ተማሪ በፈተና ሰሞን ለብቻው ይልፋ ማለት ፍርድ አይደለም። የተማሪዎች ማኅበራችን ስለ ወጡ መቅጠን በየጊዜው ይከራከራል፤ መልካም ነው። ከዚሁ ጋር ሦስት ነገር ቢሠራ አቤት ማለት እወዳለሁ። አንደኛ፣ ከየፋኩልቲው ጥቂት ተማሪዎች በየመስመሩ ተሰማርተው ለቤተሰብ የሚሆኑትን ማደሪያዎች ከነዋጋቸውና ከነመሳፈሪያቸው ይመዝግቡ፤ መዝገቡም በየዓመቱ ይታደስ። ለምርቃት ብቻ ሳይሆን፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በሽተኛ ይዞ ለሚመጣ ዘመዳችንም ዓመቱን በሙሉ ይጠቅማል። ሁለተኛ፣ የመጨረሻ ዓመት ያልሆኑት ተማሪዎች ወደየአገራቸው ሲሄዱ ባዶ የሚቀሩት መኝታ ክፍሎች ለሁለትና ለሦስት ሌሊት ለወላጆች እንዲፈቀዱ አስተዳደሩ ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ ቤታቸው በአዲስ አበባ የሆነ ተማሪዎች ፈቃዳቸው ከሆነ አንዳንድ ቤተሰብ ይቀበሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው።

ሁለተኛውን ሐሳብ የሚቃወሙ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ዕቃ ይጠፋል፣ ወንድና ሴት ይቀላቀላል፣ ውሃ አይበቃም ይባላል። ነገር ግን ለሴቶችና ለወንዶች የተለያየ ሕንፃ ከዱሮም አለ፤ በር ላይ መታወቂያ መዝግቦ ማስገባትም ዘበኞቻችን በየቀኑ የሚሠሩት ሥራ ነው። ውሃው እኛን ሲያንሰን ኖረናል፤ ለሦስት ሌሊት ለአባቶቻችን ብናካፍለው አንሞትም። የቀረው ምክንያት «ከዚህ በፊት ተደርጎ አያውቅም» የሚለው ነው፤ ይህ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሊነገር የማይገባው ምክንያት ነው።

ወላጆቻችን እህል ሸጠው፣ አንዳንዶቹም በሬ ሸጠው እዚህ አድርሰውናል። ለዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ጊዜ ሊያዩን ሲመጡ ንጹሕ ፍራሽና በአንድ መሳፈሪያ የሚያደርስ መንገድ ልናገኝላቸው ካልቻልን፣ ስለ ሕዝብ አገልግሎት የምንጽፈው ድርሰት ሁሉ ከወረቀት አያልፍም። ማኅበሩ ጉዳዩን በሚመጣው ስብሰባ በአጀንዳ እንዲይዘው እጠይቃለሁ፤ ለመዝገቡ ሥራ የሚሰማራ ሰው ቢጠፋ፣ የመገናኛንና የጉርድ ሾላን መስመር እኔ እወስዳለሁ።