የማን ጀግና ይውደቅ?

በልጅነቴ፣ መሐል ሜዳ ላይ፣ ባና ለብሰን ከምድጃ ዳር በምንቀመጥባቸው የክረምት ምሽቶች፣ እኔና አንድ ጓደኛዬ በደብተራችን የኋላ ገጾች ላይ ጀግኖች እንሥል ነበር። የእኔ ጀግና በጓሳ ገደል ከጭላዳ ጋር የሚዘል፣ ቁርና ጭጋግ የማይበግረው ነበር። የእርሱ ደግሞ ነጎድጓድን በእጁ ጨብጦ ይወረውራል። ሁለቱን እናገናኛቸው ያልን ዕለት ጠብ ሆነ። ማን ይውደቅ? አልተስማማንም። ደብተሩ ሦስት ባዶ ገጾች እንደቀሩት እኔ ዘንድ ቀረ፤ ለአንድ ወር ያህልም ተኮራርፈን ከረምን።

ይህን ትዝታ የቀሰቀሰብኝ ከወደ አሜሪካ የመጣ ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ማርቭል፣ በኖቬምበር ደግሞ ዲሲ፣ የማርቭሉን ዴድፑልንና የዲሲውን ባትማንን በአንድ መጽሐፍ ያገናኙ ሁለት የሥዕል መጽሐፎች አሳተሙ። ባላንጣዎቹ አሳታሚዎች ከሃያ ዓመት በላይ እንዲህ ያለ አዲስ ሥራ በጋራ አልሠሩም ነበር። «የልጆች ጨዋታ» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ልጆችስ ቢሆኑ፣ አዋቂ የሚሸሸውን ጥያቄ ቀድመው የሚጠይቁ እነርሱ አይደሉምን?

ልማዱን በይፋ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 በ2 ዶላር የተሸጠው የሱፐርማንና የስፓይደርማን መጽሐፍ ነው። እነዚህ ሁለቱ እንደ ደንቡ በመጀመሪያ ይደባደባሉ፤ ኋላም በጋራ ጠላት ላይ ይተባበራሉ፤ ማንም ማንንም አያሸንፍም። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝና ይህን ሳይ ትዝ የሚለኝ የዕለቱ ሒሳብ መዝጊያ ነው፤ ገቢና ወጪው እኩል እስኪሆን ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሒሳቡ ይዘጋል፤ ታሪኩ ግን ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ከአሥራ አንዱ ፍልሚያዎች የአምስቱን ውጤት አንባቢ በድምፁ እንዲወስን አደረጉ። ጀግናን ማውደቅ ከብዷቸው ጥፋቱን ለሕዝብ ማሸከማቸው ይመስለኛል።

ልቤን የነካው ግን የሠዓሊው የጆርጅ ፔሬዝ ታሪክ ነው። የዲሲን ጀስቲስ ሊግንና የማርቭልን አቬንጀርስን የሚያገናኘው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1979 ታቀደ፤ ፔሬዝ ሃያ ያህል ገጽ ሥሎ ሳለ አዘጋጆቹ በታሪኩ አካሄድ ሳይስማሙ ቀሩና በ1983 ሥራው ተጣለ። ሰውየው ሃያ ዓመት ጠበቀ። በ2003 ከደራሲው ከርት ቡሲክ ጋር ሆኖ ሣለው። በሕይወቱ መጨረሻ በካንሰር ሲታመም፣ በ2022 መጽሐፉ ለበጎ አድራጎት በ7,000 ቅጂ ዳግም ታተመ፤ እርሱም በዚያው ዓመት በሜይ ወር አረፈ። ባለቤቶቹ ሲጨቃጨቁ የሚያልፈው የሠሪው ዕድሜ ነው። ሱፐርማንን የፈጠሩት ሁለቱ ወጣቶች ሲግልና ሹስተርም እ.ኤ.አ. በ1938 መብቱን በ130 ዶላር ሸጠው፣ ጡረታ የተቆረጠላቸው በ1975 ነበር፤ ያውም ከብዙ ሙግት በኋላ።

በእኛ አገር ጀግና ባለቤት አልነበረውም። ፎካሪው በሠርግ ቤት የትኛውንም ስም አንሥቶ ከየትኛውም ዘመን ጀግና ጋር ያሰልፋል፤ ፈቃድ ጠይቆ አያውቅም። ዛሬ ግን በግለሰብ የተፈጠሩ ጀግኖች መጥተዋል። ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ፤ ጀግናው በአዲስ አበባ ሥራ ፈላጊ የሆነ ምሩቅ ነው። (ይህን ሳነብ ከሳቅ ይልቅ ትካዜ ቀደመኝ፤ ሥራ ከማግኘቱ በፊት ተአምራዊ ኃይል ማግኘቱ!) ነገ ሌሎች አሳታሚዎችም የራሳቸውን ጀግኖች ይዘው ይመጣሉ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ የሌላውን ሥራ ያለ ፈቃድ ለውጦ መሥራትን ይከለክላል። ስለዚህ ጀግኖቻችን እንዲገናኙ የሚፈልግ ሁሉ ገና ከጅምሩ፣ ገንዘቡ ሳይበዛና ጠበቃው ሳይገባ፣ በጽሑፍ ይዋዋል እላለሁ። በውሉም አንድ አንቀጽ ይግባ፦ የእኔም ጀግና ሊወድቅ ይችላል የሚል። ያ አንቀጽ የሌለበት ውል የማስታወቂያ ውል ነው።

ይህ ጥበብ ለእኛ ለመንዞች እንግዳ አይደለም። ጓሳን የአስቦና የጌራ ተወላጆች በቀሮ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቀውታል፤ አባ ቀራ ይመርጣሉ፣ ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፣ ሲከፈትም ለሁለቱም ይከፈታል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢላላም፣ ጓሳው እስከ ዛሬ በማኅበረሰብ ይጠበቃል። የተዘጋው ዘመን ሣሩን ያሳድገዋል፤ መክፈቻው ቀን ግን መታወቅ አለበት። የእነ ማርቭል ሃያ ዓመት መክፈቻው የማይታወቅ መዝጊያ ነበር።

ጓደኛዬ አሁን ደብረ ብርሃን ነው፤ እርሱም ባንክ ገብቷል፤ የባላንጣ ባንክ! ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትስዊች በኩል የእርሱ ባንክ ካርድ ከእኛ ማሽን ገንዘብ ያወጣል፤ ማንም ስለ አሸናፊው አይጠይቅም። ባለፈው ሰሞን ደውዬለት ስለ ደብተሩ አነሣሁበት። ሳቀና፣ «አንተ ጀግናህን በመጀመሪያው ገጽ ካወደቅኸው፣ እኔ በሁለተኛው አወድቃለሁ» አለኝ። «ሦስተኛውስ?» ብለው፣ «እርሱን ስንደርስ እናያለን» አለ።

ደብተሩ ጠረጴዛዬ ላይ ተገልጦ ተቀምጧል። እርሳሱንም ቀርጬዋለሁ። እስካሁን ግን ጀግናዬን ከገደሉ ጫፍ ድረስ ብቻ ነው ያደረስሁት።