ባዕድ መነሻ የተቀጠለላት ፒክአፕ

በዚህ አገር ከተማረውም ካልተማረውም አፍ የማይጠፋ አንድ ቃል አለ፤ «ይቻላል»። መልካም ቃል ነው፤ ስንቱን አበርትቷል። ጋራዥ ውስጥ ሲነገር ግን እኔ እፈራዋለሁ።

«ይህቺን ቱ ዊል ፒክአፕ ፎር ዊል ማድረግ ይቻላል?»

«ምን ችግር አለው ጋሼ! እርስዎ ብቻ የፊት ዲፈረንሻሉን ከሶማሌ ተራ ያስመጡልኝ፤ በሳምንት ውስጥ አራቱንም ጎማ አስጎትትልዎታለሁ።»

አለቀ። «ለምን አስፈለገዎት?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። «ከዚያ በኋላስ ምን ይመጣል?» ብሎ የሚጠይቅም የለም። ጥያቄው ዋጋ ላይ ይጀምራል፤ ዋጋ ላይ ያበቃል።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ቱ ዊል የምንላት ፒክአፕ የሞተሯን ጉልበት የምትሰጠው ለኋላ ጎማዎቿ ብቻ ነው። ፎር ዊል ለመሆን የፊት ዲፈረንሻል ብቻ አይበቃትም። ከካምቢዮው ኋላ ተቀምጦ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍል ሌላ የማርሽ ሳጥን ያስፈልጋታል። ከዚያ ሳጥን ወደ ፊት የሚሄድ ዘንግ ያስፈልጋታል። ጎማው በመሪ ሲታጠፍም መዞሩን የማያቋርጥ የፊት አክስል ያስፈልጋታል። ብዙውን ጊዜ ካምቢዮው ራሱ መለወጥ አለበት። ካምቢዮው ሲለወጥ የኋላው ዘንግ ርዝመት አይገጥምም፤ እሱም ይቆረጣል። አንዱን ስትነካው ሌላው ይነካል።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ምሳሌዬ ከሰዋስው ቢመጣ አትፍረዱብኝ። ግሥ ላይ ባዕድ መነሻ ስትጨምሩ ቃሉ በፊት እንደነበረው አይቀጥልም። «ሰበረ» የነበረው «ተሰበረ» ሲሆን ሰባሪው ተሰባሪ ሆነ፤ ዓረፍተ ነገሩ በሙሉ ከሥሩ ተገለበጠ። አንዲት ፊደል ናት ይህን ያደረገችው። ብረትም እንደዚያው ነው።

ሂሉክስን እንውሰድ። ቶዮታ ሂሉክስን ገበያ ላይ ያዋላት እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፤ ፎር ዊሏን ያቀረበው በ1979 ነው። ያኔም ፋብሪካው የቱ ዊሏን አፍንጫ ከፍቶ ዲፈረንሻል አልጎሰጎሰባትም፤ የፊት እግሯን በሌላ መልክ ሠራው እንጂ። በ1988 የወጣውን ትውልድ ብታዩ፣ ኤልኤን 85 የምትባለው ቱ ዊል የፊት ጎማዎቿ ለየብቻቸው የሚንቀሳቀሱ፣ በሚጠመዘዝ የብረት ዘንግ የተደገፉ ናቸው። ኤልኤን 106 የምትባለው ፎር ዊል ግን ከጎማ እስከ ጎማ አንድ ወጥ አክስል አላት፤ ያ አክስል የተቀመጠውም በባሌስትራ ላይ ነው። እንግዲህ የሁለተኛዋን አክስል ለመጀመሪያዋ ለማልበስ ሻንሲው ላይ የባሌስትራ ማሰሪያ መበየድ ግድ ነው። ያ ብየዳ ነው መኪናዋን፣ ጭነቱንና ሰውን ተሸክሞ ቁልቁለት የሚወርደው። በያጁ ማን ነው? ብየዳውን ማን ፈተሸው? መልስ የለም።

የማርሽ ጥርስም አለ። 41 ጥርስ ያለው ትልቅ ማርሽ 10 ጥርስ ባለው ትንሽ ማርሽ ሲነዳ፣ ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ዘንጉ 4.1 ጊዜ መዞር አለበት። ትንሹ ማርሽ 9 ጥርስ ከሆነ ግን ዘንጉ 4.56 ያህል ይዞራል። ኋላዋ 4.1፣ ፊቷ 4.56 የሆነች ፒክአፕ አራቱንም ጎማ ስታስገቡላት ፊቷና ኋላዋ ይጣላሉ። ጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ጠቡ አይታወቅም። ደረቅ መሬት ላይ ግን ወይ ጎማው ይፋቃል፣ ወይ አንድ ቦታ ማርሽ ይሰበራል። ይህን ለማወቅ ጥርስ መቁጠር ነው የሚያስፈልገው። ጥርስ ለመቁጠር ደግሞ ዲግሪ አይጠይቅም፤ ትዕግሥት ብቻ!

«ክረምት ላይ ዋልካው መሬት ሲይዘኝስ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ባዶ ፒክአፕ ጭቃ ላይ የምትቸገርበትን ምክንያት አይተነዋል? ኋላዋ ቀላል ነው። ዲፈረንሻሏ ደግሞ በጠባዩ ጉልበቱን በቀላሉ ወደሚሽከረከረው ጎማ ይልካል። አንዱ ጎማ ጭቃ ውስጥ እየተሽከረከረ ሲጮህ ሌላው ቆሞ ያያል። ፎር ዊል ብታደርጓትም ዲፈረንሻሎቿ የማይቆለፉ ከሆኑ የባሰው ቀን አንድ ጎማ ከፊት፣ አንድ ጎማ ከኋላ ሲሽከረከሩ ታያላችሁ። አራት ጎማ ከፍላችሁ ሁለት! ጥርሱ ያላለቀ የጭቃ ጎማ፣ በኋላው አክስል ላይ በልክ የተቀመጠ ጭነት፣ ለጎማ የሚታሰር ካቴና፣ የሚቆለፍ የኋላ ዲፈረንሻል፤ እነዚህ ከሻንሲ ብየዳ በፊት መሞከር ያለባቸው ነገሮች ናቸው። ግን እነዚህ ለዓይን አይታዩም። ከፍ ብላ የቆመች ፒክአፕ ግን ሰፈር ውስጥ ታስከብራለች።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ብዙዎቹ እንዲህ የተለወጡ መኪኖች አስፋልት ላይ ነው የሚውሉት። መንገዱ የጠየቀው ነገር አልነበረም፤ ዓይን ነው የጠየቀው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። ፒክአፗ ቀላል ነበረች፤ አሁን ከበደች። ነዳጅ ትቆጥብ ነበር፤ አሁን ትጠጣለች። ዝቅ ብላ መታጠፊያውን ታልፍ ነበር፤ አሁን ከፍ ብላለችና ለመገልበጥ ትቀርባለች። ሾፌሩ ደግሞ ፎር ዊል ነኝ ብሎ ልቡ ያብጣል። ፎር ዊል ለመሄድ እንጂ ለመቆም አይረዳም! ፍሬን ድሮም በአራቱም ጎማ ነበር።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ሽያጩ ነው። ባለቤቱ ሁለት ክረምት ይነዳታል፤ ድምፅ ማሰማት ስትጀምር ይሸጣታል። ምን ብሎ? «ኦርጅናል ፎር ዊል ናት» ብሎ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ሊብሬው ስለተቀጠለው አክስል አንዲት ቃል አይተነፍስም። ገዢው ያጠራቀመውን ከፍሎ፣ ሰው ጭኖ ገጠር ይወርዳል። ስለዚህ አንባቢዬ፣ ስትገዙ የሻጩን አፍ ሳይሆን መኪናዋ ላይ የተለጠፈችውን የፋብሪካ ምልክት አንብቡ። ምልክቷ ኤልኤን 85 እያለች አራቱም ጎማ የሚጎትት ከሆነ፣ አንድ ሰው አንድ ነገር ደብቋችኋል።

«አንተ የብዕር ሰው ስለ ብረት ምን አገባህ? ድሃ አገር ነን፤ ኦርጅናሉን በምን አቅማችን እንገዛለን?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ችግሩ እውነት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጫነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ማገዱን አስታወቀ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው ያለውን መኪና አድሶና ለውጦ መጠቀሙ አያስገርምም። መካኒኮቻችንም ጥበበኞች ናቸው፤ ሌላው ዓለም የጣለውን አስነስተው የሚያስኬዱ እጆች አሏቸው። እኔም ለውጥ ይከልከል አላልኩም። ያልኩት በልኩ ይሁን ነው። የሚለውጥ ሰው ከተመሳሳይ ትውልድ የፈረሰች ፎር ዊል ሙሉዋን ይግዛ፤ ካምቢዮዋን፣ ማከፋፈያዋን፣ ሁለቱንም ዲፈረንሻል፣ ፍሬኗን፣ ከተቻለም ሻንሲዋን ሳይቀር። ብየዳውን ሌላ ባለሙያ ይመልከተው። ዓመታዊ ምርመራ ላይ ለቦሎ ስትቀርብ መርማሪው ከሥር ገብቶ ይያት። ለውጡም ሊብሬው ላይ ይጻፍ። መካኒኩን ማክበር ማለት ሥራውን በስሙ እንዲፈርምበት መጠየቅ ነው። ሥራውን ደብቆ እንዲሸጥ መተው ግን ንቀት ነው።

በእነዚህ ፒክአፖች ጀርባ የሚሳፈሩት ገበያ ውለው የሚመለሱ እናቶችና ተማሪዎች ናቸው። ዲፈረንሻል ከየት እንደመጣ፣ ብየዳውን ማን እንደበየደው አልተነገራቸውም። ቁልቁለቱ ላይ የሚከፍሉት ግን እነሱ ናቸው። ቅጥያው የማይቀር ከሆነ እንኳ፣ ቅጥያ መሆኑ ይነገር።