ከፋይ ሲሰፋ እንዳይሸሽ፤ ሲለበስም እንዳይሰበሰብ

ከፋይ የክብር ልብስ ነው። በአገራችን ለመኳንንት ካባ፤ ለካህናት ልብሰ ተክህኖ፤ ለሙሽሮችም ካባ ሲመረጥ ኖሯል፤ ዛሬም ይመረጣል። ነገር ግን ክብሩ በሙሉ በጠጕሩ ላይ ነውና እንደ ሌላ ጨርቅ የሰፉት እንደ ኾነ ባለቤቱን ያሳፍራል። ሌላ ጨርቅ ስፌቱ ቢበላሽ ተፈትቶ እንደ ገና ይሰፋል፤ ከፋይ ግን ከተፈታ በኋላ መርፌ የወጋበት መሥመርና የተደፈጠጠው ጠጕር ሲታይ ይኖራል።

በቤታችን ለሰርግ ያሰፋነው አንድ ካባ ሁለቱ ጐኖቹ እኩል ተቈርጠው ሳሉ ስፌቱ ሲያልቅ አንደኛው ወገን ሁለት ጣት ያህል ተርፎ ተገኘ። ሰፊው ፈትቶ መልሶ ሰፋው፤ ጠባሳው ግን እስከ ዛሬ አልጠፋም። ጥፋቱም የሰፊው ብቻ አልነበረም፤ ጨርቁን ሰጥተን ያጣደፍነው ሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ነበርና።

የመሸሹ ምክንያት ይህ ነው። የከፋይ ጠጕር ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነው። ሁለት ከፋይ ፊት ለፊት ሲገጠም የአንዱ ጠጕር ከሌላው ጠጕር ጋራ ይገፋፋል። የስፌት መኪናው ጥርስ የታችኛውን ጨርቅ ሲስብ እግሩ የላይኛውን ተጭኖ ያዘገየዋል፤ ስለዚህ የላይኛው መጨረሻው ላይ ይተርፋል።

መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው። ሳይቈረጥ አስቀድሞ ከፋዩን በእጅ መዳበስ ይገባል፤ እጅ ሲያልፍ የሚለሰልስበት ወገን የጠጕሩ መውረጃ ነው። ክፍሎቹ ኹሉ በአንድ አቅጣጫ ይቈረጡ፤ ያለዚያ አንዱ ደማቅ፤ አንዱ ፈዛዛ መስሎ ይታያል። ከዚያም በቀጭን መርፌና በሐር ክር በእጅ ለጊዜው ይያያዝ፤ አንድ መሥመር አይበቃምና በውስጥ በሚሸሸገው ጠርዝ ላይ ሁለት መሥመር ይኹን፤ አራት አምስት ጊዜ ከወጉ በኋላም አንድ ጊዜ ወደ ኋላ መልሶ መውጋት ነው። በመኪና ሲሰፋ የእግሩን ጫና ማላላት፤ የመርፌውን ርምጃ 3 ሚሊሜትር ያህል ማድረግ፤ የጠጕሩን መውረጃ ተከትሎ በዝግታ መስፋት ይገባል። በየመካከሉም መርፌው በጨርቁ ውስጥ እንዳለ እግሩን አንሥቶ ጨርቁን ማሳረፍ ይጠቅማል። ካውያ በፊቱ ላይ ፈጽሞ አይደረግ፤ ጠጕሩን በሌላ ከፋይ ላይ ደፍቶ በጀርባው በኩል በእንፋሎት ብቻ ማቅናት ነው።

ሲለበስ ወደ ላይ የሚሰበሰበው ደግሞ የከፋዩ ጀርባ ከውስጥ የተለበሰውን የጥጥ ቀሚስ ስለሚይዝ ነው፤ በየርምጃው ጥቂት በጥቂት ይወጣል። ስለዚህ ገበሩ ሐር ወይም ሳቲን ይኹን። ገበሩ ከከፋዩ ጥቂት ይስፋ እንጂ አይጥበብ፤ የጠበበ ገበር ራሱ ከፋዩን ይስበዋልና። የታችኛው ጠርዙም ከከፋዩ ጋራ ተሰፍቶ አይዘጋ፤ በየስፌቱ አጠገብ 3 ሴንቲሜትር ያህል በሚኾን የክር ሰንሰለት ብቻ ይያያዝ። የለበሰውም ሰው ከፋይ በለበሰ ወንበር ላይ ባይቀመጥ መልካም ነው፤ ጠጕር ከጠጕር ተያይዞ ልብሱን ይጐትተዋል።

እንግዲህ ጨርቁን ለሰፊ የምትሰጡ ኹሉ ከጨርቁ ጋራ ጊዜም ስጡት። ካባ ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ ልብስ ነው፤ በጥድፊያ የተሰፋ እንደ ኾነ ግን ልጅ የሚወርሰው ጠባሳውንም ጭምር ነው።