የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ ነውን?

ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ዛሪማ የሚወርድ መንገደኛ ሊማሊሞን ሲጀምር ዓይኑ ከገደሉ ይሸሻል፤ ልቡ ግን ከዐለቱ ሥር እየፈለቀ ወደ ተከዜ በሚወርደው ውሃ ይማረካል። ባለፈው ክረምት መውጫ በዚያ ሳልፍ መኪናችን ጥቂት ቆመችና ከምንጩ ዳር ወረድሁ። በእፍኜ ቀድቼ ልጠጣ ስል አንድ ሽማግሌ፣ «ጠጣ ልጄ፤ ጠጠሩ እንኳ ይታያል» አሉኝ። «ይታያል አባቴ» አልኋቸው፤ ስለማይታየው ነገር መናገር ግን አፈርሁ። ያን ጊዜ ያልተናገርሁትን ዛሬ እጽፈዋለሁ።

ሻይ በማጥለያ ሲጠለል ቅጠሉ ይቀራል እንጂ ቀለሙና ጣዕሙ አይቀርም። የምንጭና የወንዝ ውሃም እንዲሁ ነው። ከላይ ከስሜን ተራራ ከጓሳው፣ ከአስታውና ከጅብራው ብስባሽ፣ ከከብቱም አዛባ የሚሟሟው ነገር በረቂቅ ማጥለያ እንኳ ያልፋል። ከዚሁ መካከል አሚኖ አሲዶች የተባሉት፣ ማለት ፕሮቲን የሚሠራባቸው ንጥረ ነገሮች ይገኛሉ። አንሪ ብራኮኖ የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1820 ከቆዳና ከአጥንት ከሚወጣ ሙጫ አንዱን ለይቶ ቢቀምሰው ጣፋጭ ሆኖ አገኘው። እንግዲህ አሚኖ አሲድ መርዝ አይደለም፤ ምግብ ነው። በውሃ ውስጥ ብቻውን የተገኘውን ባክቴሪያ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ይበላዋል፤ ስለዚህ አብዛኛው የሚገኘው ከሌላ ነገር ጋር ተጣምሮ ነው።

ታዲያ ጉዳቱ ምንድን ነው? ጉዳቱ ክሎሪን ስንጨምር ይገለጣል። ክሎሪን ጀርሙን ከመግደሉ በፊት ከአሚኖ አሲዱ ናይትሮጅን ጋር ይጣመራል፤ የተጣመረውም የመግደል ኃይሉ እጅግ ይደክማል። ውሃው ጠርቶ ታይቷልና «ይበቃዋል» ብሎ በግምት የጨመረ ሠራተኛ ሥራውን የፈጸመ ይመስለዋል፤ በሽታው ግን ከእንስራው ጋር ቤት ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ30 ደቂቃ በኋላ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ቢያንስ 0.5 ሚሊግራም ነጻ ክሎሪን ተርፎ እንዲገኝ ነው። ይህንም ለማወቅ ውሃውን ሮዝ የሚያስመስል አንዲት ትንሽ ኪኒን ትበቃለች።

«ይህ የላቦራቶሪ ሰው ወሬ ነው፤ ገበሬው የሚሻው ቧንቧ ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ቧንቧ ይሻል። ነገር ግን ቧንቧ ውሃውን ያመጣዋል እንጂ አያጠራውም። ወደ ወረዳ የምትሄድ ወጣት ጓደኛዬ ሆይ፣ ምንጩን ከከብት አጥር፤ ክሎሪኑን በዓይንህ ሳይሆን በመለኪያ ፍረድ፤ ያገኘኸውንም ቁጥር በመዝገብ ጻፍ።

ሽማግሌው የድርሻቸውን አይተዋል፤ ጠጠሩ ታይቷቸዋል። በመንግሥት ገንዘብ የተማርነው እኛ ደግሞ የማይታየውን የማየት ዕዳ አለብን።