ስለ ወተት ላም ዘርና ስለ ግጦሽ

ከየአገሩ በሚቀርበው ልመና ውስጥ «የፈረንጅ ላም ይሰጠን» የሚለው ቃል አይጠፋም። ልመናው መልካም ነው። ነገር ግን ላሚቱ በበጋ ምን ትበላለች ብሎ አስቀድሞ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

ፍሪዝያን የምትባለው ጥቁርና ነጭ ላም በወተት ብዛት የሚተካከላት የለም። ዳሩ ግን ክብደቷ እስከ 600 ኪሎ ስለሚደርስ በየቀኑ 18 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ትሻለች። ባለቤቷ ፋጉሎና ፉርሽካ በበረት የሚያቀርብላት፥ ወተቷንም በከተማ በሊትር የሚሸጥ የሆነ እንደ ሆነ ድካሙን ትክሰዋለች። በግጦሽ ብቻ የተለቀቀች እንደ ሆነ ግን በየካቲትና በመጋቢት ሣሩ ሲያልቅ ከገዛ ሥጋዋ እያወጣች ትታለባለች፤ ኋላም ከስታ ኮርማ መፈለግ ትተዋለች፤ ዓመቱም ያለ ጥጃ ያልፋል። በሬውን ሸጦ እርስዋን የገዛ ገበሬ በሬውንም ወተቱንም አጣ ማለት ነው።

ጀርሲ የተባለችው ቡናማ ላም ክብደቷ 400 ኪሎ ያህል ስለሆነ ጥቂት መኖ ይበቃታል። ወተቷ ያነሰ ቢሆንም ስቡ ከመቶ 5 እጅ ያህል ነው፤ ስለዚህ ከ10 ሊትሩ ግማሽ ኪሎ ስብ ሲገኝ ከፍሪዝያን 10 ሊትር ከ350 እስከ 400 ግራም ብቻ ይገኛል። መንገድ በራቀበት ደጋ፥ ይልቁንም በሁዳዴ 55 ቀን ወተት ገዢ ሲያጣ፥ ለባላገር የሚጠቅመው ተነጥሮ የሚቆየው ቅቤ እንጂ የወተቱ ብዛት አይደለም። ደግሞ ያገራችን ላም አካሏ አነስተኛ ስለሆነ ከትልቅ ኮርማ የተፀነሰ ጥጃ ምጡን ያከብድባታል፤ የጀርሲ ጥጃ ግን ትንሽ ነው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ይልቁን በሣር ወተት የምታወጣው ኒው ዚላንድ ከላሞቿ የሚበዙት የፍሪዝያንና የጀርሲ ድቅል ናቸው። በእኛም አገር በ1986 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከዴንማርክ የመጡ የጀርሲ ጊደሮች በአዳ በርጋ ተቀምጠው ነበር።

ስለዚህ አሳቤ ይህ ነው፤ ግጦሽ ብቻ ላለው ባለከብት ያገር ላም ከጀርሲ ተዳቅላ ግማሽ ደሟ ያገር የሆነችው ትሰጠው። ሙሉ የፈረንጅ ደም ያላት መዥገሩንና ፀሐዩን አትችልም። አንድ ነገር ግን አልሸሽግም፤ ከዚህ ድቅል የሚወለደው ወይፈን ትንሽ ስለሚሆን ለሞፈርና ለቀንበር እንደ ልብ አይሆንም። የሚያርስ በሬ የሚሻ ሰው ከላሞቹ ከፊሉን ባገር ኮርማ ያስጠቃ።

የአገሩ ዘርም ንጹሕ ሆኖ መጠበቅ አለበት። በጣና ዙሪያ ውኃ በሚተኛበት ሜዳ የኖረችው የፎገራ ላም ግጦሿ በሩዝ እርሻ እየጠበበ ነው። እርስዋና የቦረና፥ የበጌትም ላም በድቅል ብዛት የጠፉ እንደ ሆነ ነገ የምናዳቅለው ምን ይሆናል?

ከእንግዲህ ከየወረዳው በሚጻፈው የላም ጥያቄ ላይ የጠያቂው ስምና ቀበሌ ብቻ ሳይሆን የግጦሹ ስፋት፥ ያከማቸው ድርቆሽ መጠን፥ በበጋም ውኃ የሚገኝበት ርቀት አብሮ ይጻፍ ዘንድ እለምናለሁ።